ዝምተኛው ዊልያም፤ የኦራንዥ መስፍን

የሰውን እጅና እግር በብረት ማሰር ይቻላል፤ ቤቱንና ርስቱንም መውረስ ይቻላል። ልቡ የሚያምነውን ግን በሰይፍ አስገድዶ መለወጥ የቻለ ንጉሥ የለም። በሰይፍ የተገደደ ሰው በአፉ እሺ ይላል፤ በልቡ ግን እንደ ቀድሞው ይኖራል። እንዲህ ያለው ሰው ግብዝ ይሆናል እንጂ ምእመን አይሆንም። የአውሮፓ ሕዝቦች ይህን እውነት እስኪያውቁ ድረስ በ16ኛው መቶ ዓመት ብዙ ደም አፈሰሱ። በዚያ ዘመን ነገሩን አስቀድመው ካስተዋሉት ጥቂት መኳንንት አንዱ ዊልያም የተባለው የኦራንዥ መስፍን ነበረ።

ዊልያም በ1533 ዓመት በሚያዝያ ወር በጀርመን አገር ዲለንቡርግ በሚባል አምባ ተወለደ። በዚህ ታሪክ የተጻፈው የዓመት ቍጥር ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ነው። አባቱ የናሳው ገዥ ነበረ፤ እናቱም ዩልያና ትባል ነበር። በዚያ ወራት የምዕራብ አውሮፓ ክርስቲያኖች ተከፋፍለው ነበር። ማርቲን ሉተር የተባለው የጀርመን መምህር በ1517 ዓመት ትምህርቱን ከጀመረ ወዲህ አንዳንዶቹ ከሮማው ጳጳስ ተለይተው ፕሮቴስታንት ተባሉ፤ ሌሎቹም በካቶሊክ ሃይማኖት ጸኑ። የዊልያም ወላጆች የሉተርን ትምህርት የተቀበሉ ነበሩና ልጃቸውን በዚሁ አሳደጉት።

በ1544 ዓመት ረኔ የተባለው የአጎቱ ልጅ በጦርነት ቈስሎ ሞተ። ልጅ አልነበረውምና ርስቱን ሁሉ ለዊልያም ተናዘዘለት። ርስቱም በፈረንሳይ ደቡብ ያለችው ትንሿ የኦራንዥ ግዛትና በኔዘርላንድ ያሉት ሰፊ አገሮች ነበሩ። ኔዘርላንድ ማለት ዝቅተኛ አገር ማለት ነው፤ በዚያን ጊዜ ዛሬ ሆላንድ፥ ቤልጅግና ሉክሰምቡርግ የሚባሉትን አገሮች ያጠቃልል ነበር። ዊልያምም በ11 ዓመቱ ከአውሮፓ ባለጸጎች አንዱ ሆነ።

በዚያን ጊዜ ኔዘርላንድን የሚገዛው ንጉሠ ነገሥት ካርሎስ 5ኛ ነበረ፤ እስፓንያም ከግዛቶቹ አንዱ ነበረች። እርሱም ልጁ ርስቱን እንዲቀበል የፈቀደው በካቶሊክ ሃይማኖት እንዲያድግ በማድረግ ነው። ስለዚህ ዊልያም ከእናቱ ቤት ወጥቶ በብሬዳና በብሩሴል ከተማ በቤተ መንግሥት አደገ። በዚያም ልዩ ልዩ ቋንቋ፥ ፈረስ ግልቢያና የመንግሥት ሥራ ተማረ። እንዲህም ሆኖ የሁለቱን ወገኖች ጸሎት በልጅነቱ አወቀ። በሁለቱም ዘንድ እግዚአብሔርን የሚፈሩ ደጋግ ሰዎች እንዳሉ በዓይኑ አየ። ይህም በኋላ ለሠራው ሥራ መሠረት ሆነው።

ካርሎስ ወጣቱን እጅግ ይወደው ነበር። በ1555 ዓመት ንጉሠ ነገሥቱ ታምሞና ደክሞ የኔዘርላንድን ግዛት ለልጁ ለፊልጶስ ባስረከበ ጊዜ፥ መኳንንቱ ሁሉ በተሰበሰቡበት በብሩሴል አዳራሽ የገባው በዊልያም ትከሻ ተደግፎ ነው። ዊልያም ያን ጊዜ የ22 ዓመት ጐልማሳ ነበረ። ፊልጶስም በዚያው አዳራሽ ቆሞ ያይ ነበር። አባቱ የተደገፈበት ሰው ከጥቂት ዓመት በኋላ የእርሱ ዋና ባላጋራ እንደሚሆን ማንም አላሰበም።

በ1559 ዓመት እስፓንያና ፈረንሳይ ከብዙ ጦርነት በኋላ ታረቁ። ዊልያምም ለዕርቁ መያዣ ከሆኑት መኳንንት አንዱ ሆኖ ወደ ፈረንሳይ ሄደ። አንድ ቀን የፈረንሳይ ንጉሥ ሄንሪ 2ኛ ለአደን በወጣ ጊዜ ዊልያም አብሮት ነበረ። ንጉሡም ዊልያም ምስጢሩን የሚያውቅ መስሎት እርሱና ፊልጶስ በየአገራቸው ያሉትን ፕሮቴስታንቶች ፈጽመው ለማጥፋት እንዳሰቡ ነገረው። ዊልያም ካቶሊክ ነበረ፤ ዳሩ ግን ይህን ሁሉ ነፍስ ለማጥፋት መመከሩን በሰማ ጊዜ ልቡ እጅግ አዘነ። ነገር ግን ፊቱ አልተለወጠም፤ ከአፍ የወጣ ቃል አይመለስምና አንዳችም አልተናገረ። ዝም ብሎ ሰማ፥ በልቡም ሕዝቡን ለማዳን ቈረጠ። ዝምተኛው የሚለው ስም ከዚህ የተነሣ እንደ ወጣለት ይነገራል። እንጂስ በተፈጥሮው ዊልያም ተጫዋችና ንግግር ዐዋቂ ሰው ነበረ።

በዚያው ዓመት ንጉሥ ፊልጶስ ዊልያምን የሆላንድ፥ የዜላንድና የኡትሬክት እንደራሴ አድርጎ ሾመው፤ ራሱም ወደ እስፓንያ ተመልሶ ከዚያ ይገዛ ጀመር። ፊልጶስ ለሃይማኖቱ ቀናተኛና ለሥራው ትጉህ ንጉሥ ነበረ፤ ነገር ግን በአንድ መንግሥት ሁለት ሃይማኖት ሊኖር አይገባም ብሎ ያምን ነበር። ስለዚህም ፕሮቴስታንት የሆነ ሰው እየተመረመረ በሞት እንዲቀጣ አዘዘ። በታኅሣሥ 31 ቀን 1564 ዓመት የመንግሥቱ ሸንጎ በብሩሴል በተሰበሰበ ጊዜ ዊልያም ዝምታውን ተወ። እርሱ ራሱ ካቶሊክ እንደ ሆነ፥ ነገር ግን ነገሥታት በሰው ነፍስ ላይ ሊሠለጥኑና የእምነትን ነፃነት ሊወስዱ እንደማይገባቸው በሸንጎው ፊት ገለጠ። ለገዛ ወገኑ ሳይሆን በእምነት ከእርሱ ለሚለዩት ሰዎች መናገሩ ሰሚዎቹን አስደነቀ።

በ1566 ዓመት ብዙ መኳንንት ተሰብስበው ቅጣቱ እንዲቀር አመለከቱ። ከባለሥልጣኖቹ አንዱ እነዚህን ሰዎች ለማኞች ብሎ ናቃቸው፤ እነርሱም ስድቡን ክብር አድርገው በዚሁ ስም ተጠሩ። በዚያው ክረምት ግን ከካልቪን ትምህርት ተከታዮች ቍጡዎቹ ተነሥተው የካቶሊኮችን አብያተ ክርስቲያናት ሥዕልና ሐውልት ሰባበሩ። ዊልያም ይህንም ግፍ አልወደደም። በእርሱ ዘንድ ግፍ ከማናቸውም ወገን ቢመጣ ግፍ ነበረ።

በሚቀጥለው ዓመት በመጋቢት ወር በአንትወርፕ ከተማ ብርቱ ፈተና መጣበት። ከከተማው ውጭ የመንግሥት ወታደሮች የካልቪንን ተከታዮች ሲገድሉ፥ በከተማው ያሉት ወንድሞቻቸው መሣሪያ ይዘው ሊረዷቸው ተነሡ። ዊልያም ከበሩ ላይ ቆሞ ከለከላቸው፤ በሜዳ ላይ ቢወጡ ሁሉም እንደሚያልቁ ዐውቆ ነበርና። እነርሱ ግን ተቈጥተው ከሃዲ እያሉ ሰደቡት። በከተማውም ውስጥ ካቶሊኮችና የሉተር ተከታዮች በእነርሱ ላይ ተሰለፉ። ዊልያም ከአንዱ ሰልፍ ወደ ሌላው እየሄደ በብዙ ትዕግሥት አስታረቃቸውና ከተማው ከመተላለቅ ዳነ። የሚያስታርቅ ሰው ከሁለቱም ወገን ስድብ ይቀበላል፤ ስድቡን መሸከም ያልቻለ ግን ሊያስታርቅ አይችልም።

ንጉሥ ፊልጶስ የሥዕሎቹን መሰበር በሰማ ጊዜ በ1567 ዓመት የአልባን መስፍን ከ10,000 የሚያህሉ ወታደሮች ጋር ላከ። አልባም አዲስ የፍርድ ሸንጎ አቆመ፤ ሕዝቡም የደም ሸንጎ ብሎ ጠራው። በዚህ ሸንጎ ከ1,000 የሚበልጡ ሰዎች ሞት ተፈርዶባቸው ተገደሉ፤ የብዙ ሺህ ሰዎችም ርስት ተወረሰ። ኤግሞንትና ሆርን የተባሉት ታላላቅ መኳንንት ንጉሡን በቅን ያገለገሉ ካቶሊኮች ነበሩ፤ እነርሱም በሰኔ 1568 ዓመት በብሩሴል አደባባይ አንገታቸው ተቈረጠ።

ዊልያም ግን አልባ ከመድረሱ አስቀድሞ ወደ ተወለደበት አገር ወደ ዲለንቡርግ ሸሽቶ ነበር። ነገር ግን ሳይጐዳ አልቀረም። ፊልጶስ ዊልያም የሚባለው የበኵር ልጁ በሉቬን ከተማ ተማሪ ነበረ። በ1568 ዓመት በየካቲት ወር የንጉሡ ሰዎች የ13 ዓመቱን ልጅ ከትምህርት ቤቱ ወስደው ወደ እስፓንያ ላኩት። ልጁ ወደ ኔዘርላንድ የተመለሰው ከ28 ዓመት በኋላ ነው፤ ያን ጊዜም አባቱ በሕይወት አልነበረም።

ዊልያም ለንጉሡ ቢገዛ ልጁንና ርስቱን ለማዳን ይሞክር ነበር። እርሱ ግን በግፍ የሚሞተውን ሕዝብ ትቶ ለራሱ ብቻ መኖርን አልወደደም። የብር ዕቃውንና ጌጡን ሸጠ፥ ብዙም ዕዳ ገባ፥ በዚህም ገንዘብ ወታደሮች ቀጠረ። በ1568 ዓመት ወንድሙ አዶልፍ በጦርነት ሞተ፤ ጭፍራውም በአልባ ተሸንፎ ተበተነ። በልጅነቱ በወርቅ ዕቃ ይበላ የነበረው ባለጸጋ ለወታደሮቹ ደመወዝ የሚከፍለው አጥቶ ተቸገረ።

በሚያዝያ 1 ቀን 1572 ዓመት ግን ነገሩ ተለወጠ። የባሕር ለማኞች የተባሉት ስደተኞች በመርከብ መጥተው ብሪለ የምትባለውን የወደብ ከተማ ያዙ። ከዚህም በኋላ የሆላንድና የዜላንድ ከተሞች ብዙዎቹ ለዊልያም በራቸውን ከፈቱለት። እርሱም ካቶሊኮችና ፕሮቴስታንቶች እንደየእምነታቸው በሰላም እንዲኖሩ ፈለገ። ዳሩ ግን ትናንት የተገፉት ሰዎች ዛሬ ኀይል ባገኙ ጊዜ እነርሱም ገፊዎች ሆኑ። የባሕር ለማኞች አለቃ ሉሜ በሐምሌ 1572 ዓመት 19 የካቶሊክ ካህናትንና መነኰሳትን በብሪለ ሰቀለ፤ ይህም የዊልያምን ትእዛዝ የሚቃወም ነበረ። ሉሜም በሚቀጥለው ዓመት ከሹመቱ ተሻረ። በ1573 ዓመት ደግሞ የሆላንድ ሹማምንት የካቶሊኮችን የአደባባይ ጸሎት ከለከሉ፤ ዊልያምም ሊያስቀረው አልቻለም። በዚያው ዓመት እርሱ ራሱ ወደ ካልቪን ተከታዮች ቤተ ክርስቲያን ገባ፤ ነገር ግን ስለ ካቶሊኮች ነፃነት መናገሩን አልተወም። ሃይማኖቱን ደጋግሞ ስለ ለወጠ ጠላቶቹ እምነት የለውም ይሉት ነበር። እርሱ ግን ስለ ሰው ሕሊና የነበረውን አሳብ ከቶ አልለወጠም።

በ1574 ዓመት የእስፓንያ ጭፍሮች ላይደን የምትባለውን ከተማ ከበቡ። በሚያዝያ ወር ሊረዱ የመጡት የዊልያም ወንድሞች ሉድቪግና ሄንሪ በጦርነት ሞቱ፤ ሬሳቸውም አልተገኘም። በከተማው ውስጥ ራብና ቸነፈር ገባ፥ በሺህ የሚቈጠሩ ሰዎችም ሞቱ። ከውጭ የሚላከው ደብዳቤ በርግብ እግር ታስሮ ይገባ ነበር። ዊልያምም በየብስ የሚረዳቸው ጭፍራ ስላልነበረው አንድ ጭንቅ ምክር መከረ። የሆላንድ መሬት ከባሕሩ ዝቅ ያለ ስለ ሆነ ውኃው እንዳይገባ በታላላቅ የአፈር ግድብ ይጠበቃል። ግድቦቹ ተቈርጠው ባሕሩ በእርሻው ላይ እንዲፈስስ፥ መርከቦችም በውኃው ላይ ሄደው ከተማይቱን እንዲያድኑ አሳሰበ። ገበሬዎች እህላቸውና መስካቸው እንደሚጠፋ ቢያውቁም ግድቦቹ በነሐሴ ወር ተቈረጡ።

በዚያ ጊዜ ዊልያም በሮተርዳም በብርቱ ንዳድ ታምሞ ተኝቶ ነበር። በአልጋው ሆኖ ትእዛዝ ከመስጠት ግን አላቋረጠም። ውኃው ቀስ እያለ ስለ ገባ መርከቦቹ ብዙ ቀን በጭቃ ላይ ቆሙ። በመስከረም መጨረሻ ግን ብርቱ ነፋስ ተነሥቶ ባሕሩን ወደ ምድር ነዳው። የእስፓንያ ወታደሮችም ውኃው እንዳያሰጥማቸው ፈርተው በሌሊት ሸሹ። በጥቅምት 3 ቀን መርከቦቹ ወደ ላይደን ገብተው ለተራቡት ሰዎች እንጀራና ሄሪንግ የተባለ ዓሣ አደሉ። የላይደን ሰዎች እስከ ዛሬ በየዓመቱ በዚያ ቀን ነጭ ዳቦና ዓሣ እየበሉ ያን ጊዜ ያስባሉ። ዊልያምም ለከተማይቱ መጽናት ዋጋ እንዲሆን በ1575 ዓመት ከፍ ያለ ትምህርት ቤት እንዲቆምላት አደረገ። የላይደን ዩኒቨርሲቲ የተባለው ይህ ነው፤ በዓለምም የታወቀ ሆነ። በጦርነት መካከል ሳለ ትምህርት ቤት መሥራቱ ሕዝብ በሰይፍ ብቻ እንዳይኖር ማወቁን ያሳያል።

በ1576 ዓመት በኅዳር ወር ደመወዝ ያልተከፈላቸው የእስፓንያ ወታደሮች አንትወርፕን ዘረፉ፤ ብዙ ሺህ ሰዎችም ገደሉ። ይህ ግፍ ካቶሊኩንም ፕሮቴስታንቱንም አሳዘነ። ስለዚህ የሰሜንና የደቡብ አውራጃዎች በጌንት ከተማ ተስማምተው ወታደሮቹን ለማስወጣት ተባበሩ። ዊልያምም ተስፋ አደረገ። በ1578 ዓመት በአንድ ከተማ ውስጥ ሁለቱ ወገኖች በየአብያተ ክርስቲያናቸው እንዲጸልዩ የሚፈቅድ ደንብ አቀረበ። ነገር ግን ከሁለቱም ወገን ደንቡን የተቀበሉት ጥቂቶች ነበሩ። በጌንትም ኀይለኞች የሆኑ የካልቪን ተከታዮች ካቶሊኮችን ይገፉ ነበር፤ ዊልያም ራሱ ሄዶ ቢያስታርቃቸውም ሰላሙ አልቈየም።

በ1579 ዓመት በጥር ወር አገሩ ተከፈለ። ከደቡብ አንዳንዶቹ አውራጃዎች ወደ ንጉሥ ፊልጶስ ተመለሱ፤ ሰሜኖቹም በኡትሬክት ከተማ ቃል ኪዳን አደረጉ። በዚህ ቃል ኪዳን እያንዳንዱ ሰው በሃይማኖቱ ነፃ እንዲሆን፥ ስለ እምነቱም ማንም እንዳይመረመርና እንዳይሳደድ ተጻፈ። የዊልያም ድካም ሁሉ በዚህ ቃል ውስጥ ይገኛል።

ፊልጶስ ግን በ1580 ዓመት ዊልያም ከሕግ ውጭ እንዲሆን ዐወጀ። ለገደለው ሰው 25,000 የወርቅ ገንዘብ፥ የመኳንንት ማዕረግና የቀድሞ ኀጢአቱን ሁሉ ምሕረት እንደሚሰጥ ነገረ። ዊልያምም መልሱን ጽፎ ለአውሮፓ መንግሥታት ላከ። በሐምሌ 26 ቀን 1581 ዓመት ደግሞ አውራጃዎቹ ተሰብስበው ለፊልጶስ መገዛትን ተዉ። ሕዝብ ለንጉሥ ባርያ እንዲሆን እንዳልተፈጠረ፥ ንጉሥ ግን ሕዝቡን እንደ እረኛ እንዲጠብቅ እንደ ተሾመ በጽሑፋቸው ገለጡ።

በ1582 ዓመት በመጋቢት ወር አንድ ጐልማሳ በአንትወርፕ ወደ ዊልያም ቀርቦ በሽጉጥ መታው። ጥይቱ ከጆሮው በታች ገብቶ በሌላው ጉንጩ ወጣ። ጐልማሳው በዚያው ስፍራ ተገደለ፤ ዊልያምም ብዙ ቀን በሞትና በሕይወት መካከል ሆነ። በዚያ ጭንቅ ሳለ የሴራው ተካፋዮች በሥቃይ እንዳይሞቱ ለምኖ ጻፈ። ሻርሎት የተባለችው ሚስቱ ሌሊትና ቀን አስታመመችው፤ እርሱ ሲድን እርስዋ በድካም ታምማ በግንቦት ወር ሞተች።

ከዚህ በኋላ ዊልያም በዴልፍት ከተማ ተቀመጠ። ቤቱም ለሚመጣው ሁሉ ክፍት ነበረ። ባልታዛር ጄራር የተባለ ሰው በሃይማኖቱ ምክንያት የተሰደደ ፕሮቴስታንት መስሎ መጣ። ዊልያምም ልብሱ ያደፈና የተቸገረ መሆኑን ሰምቶ ልብስና ጫማ የሚገዛበት ገንዘብ እንዲሰጠው አደረገ። ሰውዬው ግን በዚያ ገንዘብ ሽጉጥ ገዛ። በሐምሌ 10 ቀን 1584 ዓመት ዊልያም ከምሳው ተነሥቶ ሲወጣ ጄራር ተኵሶ ገደለው። ዕድሜው 51 ዓመት ነበረ። ጥይቱ የመታው ግድግዳ ዛሬም በዴልፍት ይታያል። ገዳዩ ተይዞ በእጅግ ክፉ ሥቃይ ተገደለ፤ ያን ጊዜ የሚማልድለት ሰው ግን ራሱ ሞቶ ነበር።

ዊልያም ከሞተ በኋላ ጦርነቱ አልተፈጸመም። ልጁ ሞሪስ ሥራውን ተቀብሎ ተዋጋ፤ እስፓንያም የሆላንድን ነፃነት ያወቀችው በ1648 ዓመት ነው። በዚያ መንግሥት ካቶሊኮች የአደባባይ ቤተ ክርስቲያን እስኪፈቀድላቸው ድረስ ረጅም ዘመን በየቤታቸው ተሰውረው ይጸልዩ ነበር። ስለዚህ የዊልያም አሳብ በሙሉ ተፈጸመ ሊባል አይቻልም። ሆኖም በኡትሬክት የተጻፈው ቃል አልጠፋም። በሌላ አገር ስለ እምነታቸው የተሳደዱ ብዙ ሰዎች፥ ከእነርሱም መካከል የፖርቱጋል አይሁድ፥ ወደ ሆላንድ መጥተው መጠጊያ አገኙ።

ዊልያም ኀጢአት የሌለበት ሰው አልነበረም፤ በጐልማስነቱ በድግስና በጌጥ ብዙ ገንዘብ አጥፍቷል፥ ብዙ ጊዜም በጦርነት ተሸንፏል። ታላቅ ያደረገው ነገር ግን ይህ ነው። ወገኑ ደካማ በነበረ ጊዜ የለመነውን ነፃነት፥ ወገኑ በበረታ ጊዜ ለሌላው አልነፈገም። የተገፋ ሰው ሁሉ ነፃነትን ይወዳል፤ ይህ ብርቅ አይደለም። ኀይል አግኝቶ ሳለ የባልንጀራውን ሕሊና የሚያከብር ሰው ግን ጥቂት ነው። በትምህርት ቤትም ቢሆን በቤት፥ በእምነቱ ወይም በወገኑ የሚለይ ጓደኛ ያለው ልጅ ይህን ታሪክ ያስብ። በራሱ ላይ ሊደረግ የማይወደውን በጓደኛው ላይ ባያደርግ የዊልያምን ትምህርት በእውነት ተማረ።